የባሕር ማዶዋ ክርስትና ልጅ

ትሪኒዳድ፣ ጥቅምት 22 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለአሳዳጊ እናቴ ለወይዘሮ ማንጠግቦሽ፣
ዲማ ጊዮርጊስ

የእግዚአብሔር ሰላም ከደጃፍዎ አይራቅ። ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ ዳገቱን እሺ ይላል? እኔ በጊዮርጊስ አማላጅነት ደኅና ነኝ፤ ከናፍቆት በቀር የጎደለብኝ የለም።

እታየ፣ ባለፈው በስልክ «ከሄድክ ሦስት ዓመት ሞላህ፤ እዚያ ባሕር መካከል ምን እየሠራህ ነው?» ብለው ጠይቀውኝ መስመሩ ተቆረጠ። እንግዲህ በወረቀት ልመልስ። ቤተ ክርስቲያናችን ድሮ የዓሣ መጋዘን የነበረ የቆርቆሮ ቤት ነው። ዕጣን ስናጥን ሽታው ለጊዜው ይሸሻል፣ ከዚያ ተመልሶ ይመጣል። ምእመናኑ ሃያ ሦስት ናቸው፤ አጥማጆች፣ ዓሣ ሻጮች፣ አንድ ጡረተኛ ፖስተኛ። ካህኑ ከዋናው ከተማ በዓመት ሁለቴ መጥተው ይቀድሳሉ። በተረፈው ጊዜ ማስተማሩም መጥረጉም በር መክፈቱም የእኔ የዲያቆኑ ነው። «አቡነ ዘበሰማያት»ን በግእዝ ሲደግሙት እርስዎ ቢሰሙ ይስቃሉ፣ ቀጥለው ያለቅሳሉ። እኔ እንደዚያ ሆኛለሁ።

አሁን ሁለት ልመና አለኝ። አንደኛው፣ ለገና ዋዜማ ሰባት ሰዎች ይጠመቃሉና በእጅዎ የተገመደ ማዕተብ ይላኩልኝ። ማኅበሩም ቢችል ጧፍና ዘቢብ ቢጨምር እሰየው።

ሁለተኛው እንዲህ ነው። ከሰባቱ አንዷ ሼረል የምትባል ልብስ ሰፊ ናት። እናቷ የሞተችው በልጅነቷ ነው። ስለ እርስዎ ስናገር ሰምታ «የእኔ ክርስትና እናት እሳቸው ይሁኑ» ብላ ያዘችኝ። ካህኑን ብጠይቅ «ስማቸው በመዝገብ ይጻፍ፤ በአካል ግን ሌላ ሴት ትቁምላት» አሉ። እማማ ኢርማ የሚባሉ አሮጊት ዓሣ ሻጭ እጇን ይዘው ከውሃው ያወጧታል። ስምዎን ልስጥ? እሺ ይበሉኝ።

ልጅዎ ዲያቆን አንሙት

*

ዲማ፣ ኅዳር 19 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለልጄ ለአንሙት፣

እንደምን ሰነበትክ፣ እንደምን ከረምክ? እኔ እግዜር ይመስገን ጉልበቴ እያጉረመረመ ይሄዳል፣ እኔም እየተቆጣሁት እሄዳለሁ። ፊደሌ የዶሮ ጭረት ይመስላል ብለህ እንዳትስቅ፤ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ስማር አስተማሪው ከእኔ ያነሰ ልጅ ነበር።

ደብዳቤህን ባለሱቁ አብዱረዛቅ ቁይ ከተማ ካለው ሱቁ ድረስ ጠርቶ ሰጠኝ። እዚያው ሱቁ ውስጥ ከስኳሩ ጆንያ ላይ ተቀምጬ አነበብኩት። «ስምዎን ልስጥ» የሚለው ላይ ስደርስ አልቻልኩም፣ አለቀስኩ። አብዱረዛቅ ሰው የሞተብኝ መስሎት ደነገጠ። «ልጅ ተወለደልኝ» አልኩት። ዓይኑን አፍጥጦ ሽበቴን አየ!

ልጄ፣ አንተን እኅቴ የስምንት ወር ጥላህ ስታርፍ እግዜር ሰጠኝ። ከዚያ ወዲህ ግን በዚህ አገር ሴቶች ክርስትና ሲያነሡ እኔን የጠራ የለም። «እሷ መካን ናት፣ ለሕፃኑ አይበጅም» እንደሚሉ አውቃለሁ። በፊቴ አይሉትም እንጂ አውቃለሁ። ይኸው ስድሳ ሦስት ዓመት ሲሞላኝ ከባሕር ማዶ ጠራችኝ። ስሜን ስጥ። ስሜን ብቻ አይደለም፣ ሁሉን ስጥ።

በጊዮርጊስ ማኅበር ተነሥቼ ተናገርኩ። «ከዲማ የወጣ ልጅ ባሕር ተሻግሮ ወንጌል ያስተምራል፤ በገና ስም ያላችሁን ስጡ» አልኩ። ደምለው፣ ያ የጎረቤታችን ልጅ፣ «የራሳችን ጣሪያ እያፈሰሰ?» አለ። ቀጥሎ ደግሞ «አንሙት ማለት ያ በገና ጨዋታ ግንባሬን የፈነከተኝ አይደለም?» ብሎ ጠባሳውን አሳየ። ቤቱ በሳቅ ሞላ። በመጨረሻ ከሁሉም አብልጦ አንድ ቁና ስንዴ የሰጠው እሱ ነው። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ብሎ።

እህሉን ቁይ ወስደን ሸጠን ጧፉንና ዘቢቡን ከአብዱረዛቅ ገዛን። እሱም ከላይ ሁለት እፍኝ ዘቢብ ጨምሮ «ይኼ የእኔ ነው፣ ለደሴቱ ሰዎች» አለ። ዕቃውን አዲስ አበባ ያለችው ልጁ ጀነት ለመንገደኛ ትሰጥልሃለች። ማዕተቦቹን በሥላሴ ስም ሦስት ሦስት አድርጌ ገምጃቸዋለሁ። አንዱ ጫፉ ላይ ትንሽ ቋጠሮ አለው። እሱ የልጄ ነው።

እናትህ ማንጠግቦሽ

*

ትሪኒዳድ፣ ጥር 4 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለውድ እናቴ ለወይዘሮ ማንጠግቦሽ፣

በቤተ ልሔም የተወለደው ጌታ ቤትዎን በበረከት ይሙላው። እንኳን ለብርሃነ ልደቱ አደረሰዎ።

እታየ፣ ገና እዚህ ሙቀት ነው። ዲማ ላይ ውርጩ ጆሯችንን እየቆነጠጠ ጋቢዎን ለሁለት ተከናንበን ከቅኔ ማኅሌቱ ደጃፍ የቆምንበት ትዝ ይለኛል። እኔ እንቅልፍ ሲያዳፋኝ በክርንዎ ጎሸም አድርገው «ከበሮውን ስማ» ይሉኝ ነበር። እዚህ ላብ ከግንባሬ እየወረደ ከበሮውን የምመታው እኔው ነኝ፣ የሚጎሽመኝ የለም።

ጥምቀቱ የተፈጸመው ወንዙ ከባሕር ከሚገናኝበት ላይ ነው። እማማ ኢርማ ሼረልን እጇን ይዘው ከውሃው አወጧት። ካህኑ ስሟን ወለተ ጊዮርጊስ አሏት፤ የዲማውን ታቦት አስበው። ቋጠሮ ያለውን ማዕተብ አንገቷ ላይ ሳስርላት «እናቴ ናት የፈተለችው?» ብላ ጠየቀች። አዎ አልኳት። ቀኑን ሙሉ ጣቷን ከቋጠሮው ላይ አላነሣችም።

በበዓሉ ዕለት ከሰዓት የአጥማጆቹን ወጣቶች ሰብስቤ የእንጨት ዱላ ቆረጥንና የገና ጨዋታ አስተማርኳቸው። ጥንጓን ከመረብ ቡሽ ጠረብኳት። ከደምለው ግንባር ወዲህ ዱላ ከጉልበቴ በላይ አላነሣም ብዬ ነበር፣ ግን ስሜት ይዞኝ ሄደ። ዳኛዋ ወለተ ጊዮርጊስ ነበረች፤ ሦስቴ አስወጣችኝ። እንደዚያ የሳቅኩበትን ቀን አላስታውስም።

ለማኅበሩ ምስጋናዬን ያድርሱልኝ። ዘቢቡ ለቍርባን ወይን ሆኗል። ለአብዱረዛቅም ይንገሩልኝ።

ልጅዎ አንሙት

*

ዲማ፣ የካቲት 30 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለልጄ ለአንሙት፣

የአባቶች አምላክ በሄድክበት ይቅደምህ። ጾሙን እንዴት ይዞሃል? እኔ ሽሮዬን እየበላሁ ደኅና ነኝ።

የገና ዕለት ድግስ ደገስኩ። ድፎ ዳቦ ጋገርኩ፣ ጠላ ጠመቅሁ፣ ማኅበርተኞቹን ጠራሁ። «ምንድን ነው?» ሲሉኝ «ልጄ ትናንት ክርስትና ተነሣች» አልኩ። ፊት «ለሕፃን አይበጅም» ያሉት ሴቶች ናቸው እልል ያሉት። ይቅር ብያቸዋለሁ። ትንሽ ግን ዳቦውን አሳንሼ ቆረስኩላቸው።

ደብዳቤህ ከደረሰ ወዲህ ስሜ ተለውጧል። ገበያ ስወርድ «የወለተ ጊዮርጊስ እናት» ነው የሚሉኝ። ማታ ስጸልይ «ልጆቼን አንሙትንና ወለተ ጊዮርጊስን ጠብቅልኝ» እላለሁ። አፌ ላይ እንዴት እንደሚጣፍጥ አልነግርህም።

ለቀሚሷ ጥጡን ራሴ ባዝቼ እየፈተልኩ ነው። ሸማኔው ሲጨርስ ትልቅ ጥለት አድርጎ ይሰጠኛል። ሰፊ ናት ብለሃል፣ እሷው ትስፋው። ፎቶዋን ላክልኝ፣ ፊቷን ሳላውቅ እናት መሆን ከበደኝ።

አንተ ደግሞ መቼ ነው የምታገባ? «ዲያቆን ሆኖ መሸበት» ያሰኛል። ካላገባህ አትቀስስም፣ ካልቀሰስክ ያ ቤተ ክርስቲያን ካህን እስኪመጣ በር በሩን ሲያይ ይኖራል። የቄስ አብይ ልጅ ያለምወርቅ ጨዋ ልጅ ናት፣ ዘጠነኛ ክፍል ጨርሳለች። ዝም ብዬ ነው የምነግርህ።

የአንሙትና የወለተ ጊዮርጊስ እናት
ማንጠግቦሽ

*

ትሪኒዳድ፣ ጥቅምት 2 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተወደዱ እናቴ፣

ባሉበት ሰላመ እግዚአብሔር ይብዛልዎ። ስልኩ ከጠፋ ሁለት ወር አለፈ። ስለ አገሩ እዚህ የምንሰማው ወሬ ነው፣ ወሬው ደግሞ እንቅልፍ ይነሣል። ደኅና መሆንዎን ብቻ በአንድ መስመር ይጻፉልኝ።

ቀሚሱ ደርሶ ወለተ ጊዮርጊስ ሰፍታዋለች። ፎቶው ከደብዳቤው ጋር አለ። ጥለቱ እንዳይቆረጥባት ብላ አራት ቀን መቀሱን ሳታነሣ ዞረችው።

እታየ፣ ለወራት ስለ ያለምወርቅ መልስ ያልሰጠሁት ረስቼው አይደለም። ለእርስዎ ዋሽቼ አላውቅም፣ አሁንም አልጀምርም። ወለተ ጊዮርጊስን እወዳታለሁ። እሷም ትወደኛለች። የተነጋገርነው በፋሲካ ሰሞን ነው፤ እጅ ለእጅ እንኳ አልተነካካንም።

ሊቀ ጳጳሱ በ2017 ዓ.ም. ለጥምቀት እዚህ ይመጣሉ። በገናና በጥምቀት መካከል በቍርባን ካገባሁ ሊያቀስሱኝ ፈቅደዋል። ካልሆነ መጋዘኑ ይዘጋና ሰዎቹ ወደ ከተማው ይጠቃለላሉ። ከተማው ደግሞ ለአጥማጅ አንድ የሥራ ቀን ይበላል፣ ማንም አይሄድም። ይህን ለካህኑ ስነግራቸው መዝገቡን ገልጠው ጣታቸውን ከእርስዎ ስም ላይ አሳረፉ። «እሷ የክርስትና ልጃቸው፣ አንተ ያሳደጉህ ልጃቸው። እኅትህን ልታገባ ነው?» አሉኝ።

ሕጉን በቃሌ አውቀዋለሁ እኮ። ክርስትና ዝምድና መሆኑን ለሌላው አስተምራለሁ። ስምዎን ስለምንዎ ግን ስለ ማግባት አላሰብኩም፣ እርስዎ ደስ እንዲልዎ ብቻ ነበር ያሰብኩት። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ማለት እኔ ነኝ።

ካህኑ ቆርጠው መፍረድ አልፈለጉም። «ዲማ ሊቃውንት አሉ፤ እናትህ የደብሩን መምህር የኔታን ይጠይቁና የተነገራቸውን ይጻፉ። በዚያ እሄዳለሁ» ብለዋል። እንግዲህ ነገሩ በእርስዎ እጅ ነው። የኔታን ይጠይቁልኝ።

ልጅዎ አንሙት

*

ዲማ፣ ጥር 2 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለአንሙት፣

እንኳን ለጌታችን ልደት አደረሰህ። ዘንድሮ ዘመነ ዮሐንስ ስለሆነ ገናን በሃያ ስምንት አከበርን።

ደኅና ነኝ። መንገዱ አንዳንዴ ይከፈታል አንዳንዴ ይዘጋል። አብዱረዛቅ ሱቁን ግማሽ በር ነው የሚከፍተው። በዚህ ዓመት ማኅበሩ ብዙ አልሰጠም፣ ሰዉ ፈርቷል። ያም ሆኖ ትንሽ ጧፍ ልኬልሃለሁ፣ ማዕተብም አለ። ደምለው በገና ጨዋታ ጥርሱ ተነቀለ። አሁን ግንባሩን ትቶ ጥርሱን ነው የሚያሳየው።

ፎቶዋን ከምሰሶው ላይ ሰቅዬዋለሁ። ቆንጆ ናት። ጥለቱ ትከሻዋ ላይ በደንብ ወርዷል። ጎረቤቱ ሁሉ እየመጣ ያያል፣ «ዓይኗ የአንቺን ይመስላል» ያለችም አለች። ከየት እንደሚመስል እንጃ፣ እኔ ግን አላረምኳትም።

ስለጠየቅኸኝ ነገር የኔታን አላገኘኋቸውም። ብርድ ነው፣ ከቤት አልወጡም።

እናታችሁ ማንጠግቦሽ

*

ትሪኒዳድ፣ ግንቦት 11 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለእናቴ ለወይዘሮ ማንጠግቦሽ፣

ከሞት የተነሣው ጌታ በምሕረቱ ይጎብኝዎ። ጧፉ ደርሷል፤ ለትንሣኤ አብርተነዋል።

ሁለተኛ አልጠይቅዎም። እርስዎን አስጨንቄ የማገኘው ሚስት አይባረክም። ወለተ ጊዮርጊስም «እናቴን አታስቸግራት» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ጸሎት ላይ ከወንዶቹ ወንበር ርቃ ከበሩ አጠገብ ትቆማለች፤ ሲያልቅ ማንንም ሳታናግር ትሄዳለች። ቀሚሱን ግን በየእሑዱ ትለብሰዋለች።

ከጥምቀት በፊት መልስ ካልመጣ ወደ አገሬ እመለሳለሁ። የቄስ አብይ ልጅ ካላገባች እርስዎ እንዳሉት ይሁን። የመጋዘኑን ቁልፍ ለጡረተኛው ፖስተኛ እሰጠዋለሁ። ሲዘጋ እንኳ መጽሐፍ የምናሳርፍበትን ታጣፊ ጠረጴዛ ያጥፍልኛል።

የዲማ ጠዋት ይናፍቀኛል። ከእርስዎ ጋር ጠዋት ጠዋት ኪዳን ሰምተን ስንመለስ፣ ጤዛው ቀሚስዎን እስከ ጉልበት ሲያርሰው፣ እርስዎ «በጤዛ የራሰ እግር ሲኦል አይገባም» የሚሉኝ ነገር። እውነትዎን ነበር ወይስ እንዳላለቅስ ነበር?

ልጅዎ አንሙት

*

ዲማ፣ ኅዳር 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለአንሙት፣

ጊዮርጊስ በነጭ ፈረሱ ይድረስልህ፤ ለእኔም ይቅር ባይ ይሁነኝ።

መጀመሪያ ለጥያቄህ ልመልስ። የጤዛው ነገር እንዳታለቅስ ነበር። አሁን ደግሞ ሌላው ውሸቴ ይውጣ።

የኔታን አግኝቻቸዋለሁ። ያገኘኋቸው ስለ ጋብቻው የጠየቅህበት ደብዳቤ በደረሰኝ በሦስተኛው ቀን ነው። ብርድም አልነበረም። ከደጃፋቸው ቁጭ ብለው ተማሪ ያስቀጽሉ ነበር። ነገሩን ከእግር እስከ ራሱ ነገርኳቸው። አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ፤ «ከውሃው ማን አነሣት?»

«እማማ ኢርማ የሚባሉ ሴት» አልኩ።

«እንግዲያስ እናቷ እሳቸው ናቸው። ክርስትና የሚያነሣ እጅ ነው። አንቺ ማዕተብ ሰጠሽ፣ ጸለይሽ፣ ወደድሽ፤ ዋጋሽን እግዜር ይከፍልሻል። እናትነቱ ግን ያንቺ አይደለም። ልጁ ያግባት» አሉና ወደ ተማሪያቸው ዞሩ። ይኸው ነው። አንድ ጀበና ውሃ እስኪፈላ እንኳ አልቆየም።

አንሙት፣ ይህን ይዤ ቤቴ ገባሁና ፎቶዋን አየሁ። «ነገ እጽፋለሁ» አልኩ። በነጋ ገበያ ወረድኩ፤ «የወለተ ጊዮርጊስ እናት እንደምን አደርሽ» አሉኝ። «ከገና በኋላ እጽፋለሁ» አልኩ። ዓመት አለፈ። መንገዱ ተዘጋ ያልኩህ ጊዜ አንዳንዱ እውነት ነው፣ አንዳንዱ ግን እኔው ነኝ የዘጋሁት። የግንቦቱ ደብዳቤህ ሲደርሰኝ ደግሞ ሰይጣን «ልጅሽ ይመለስልሻል፣ ያለምወርቅንም ያገባልሻል፣ ሁለቱም ልጆችሽ ይቀሩልሻል» አለኝ። ሰማሁት። ወደድኩትም።

ትናንት የማኅበራችን ቀን ነበር። እንደ ልማዴ ተነሥቼ «ለባሕር ማዶው አገልግሎት፣ በገና ስም» አልኩ። ማሬን ታውቃታለህ፣ ባሏ ባለፈው ክረምት የሞተባት ናት። የሱን ጋቢ ይዛ መጣች። ከሣጥን አውጥታ ሽታው እንዳይለቅ ሳታጥበው ያኖረችው ጋቢ ነው። «ሌላ የለኝም፤ የሚጠመቅ ሰው ይልበሰው» ብላ እጄ ላይ አኖረችው። ተቀብዬ ቆምኩ። ሰው ሁሉ ያለውን ስጥ እያልኩ የማዘው እኔ፣ ያለኝን አንዷን ደብቄ ይዣለሁ። እሷም የእኔ ሳትሆን።

እዚያው ተናገርኩ። «ወለተ ጊዮርጊስ ልጄ አይደለችም። የኔታ ከነገሩኝ ዓመት አልፎኛል» አልኩ። ሲጣፍጠኝ የኖረው ስም ከአፌ ሲወጣ መረረኝ። ቀድሞ የተናገረው ደምለው ነው። «ታዲያ የበላነው ዳቦ ይመለስ?» አለ። ሳቁ ቤቱን ሞላው፤ እኔም ሳቅኩ፣ እንባዬም አብሮ መጣ። ማሬ አቀፈችኝ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ የእኔው ግን እናንተን ዓመት ሙሉ አስጠብቆ ነው የነጋው።

የኔታ ቃላቸውን በእጃቸው ጽፈው ሰጥተውኛል፣ ከዚህ ጋር ለካህናችሁ ስጥ። አብዱረዛቅ «ይኼን በሰው አልልክም» ብሎ ራሱ ነገ ጠዋት ይዞልኝ ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል። ለመንገዱ ስንቅ ብሰጠው «ለሠርጉ የእኔም ድርሻ ይሁን» ብሎ እምቢ አለ። ከገና በፊት ይደርስሃል። የማሬም ጋቢ አብሮ አለ። ከታጠበ ሽታው ይጠፋል ብላለች፣ የሚለብሰው ሰው እንዳያጥበው ንገረው።

በገናና በጥምቀት መካከል አግባት። ለወለተ ጊዮርጊስ ደግሞ እንዲህ በልልኝ፦ ክርስትና እናትሽ እማማ ኢርማ ናቸው፣ በበዓል ዳቦ ይዘሽ እሳቸው ዘንድ ሂጂ፣ እጃቸውን ሳሚ። እኔ አማትሽ ነኝ። አማት ደግሞ ትቆጣለች፣ ወጥ አነሰ ትላለች፣ ልጄን አከሳሽው ትላለች። ቋጠሮ ያለውን ማዕተብ ግን አታውልቂው።

ፎቶዋን ከምሰሶው አላወረድኩትም። ማታ ስጸልይ ከዛሬ ጀምሮ «ልጆቼን» ማለት ትቼ «ልጄንና ሚስቱን» እላለሁ። ዛሬ ሁለት ጊዜ ተሳስቻለሁ። እለምደዋለሁ።

የአንሙት እናት፣ የወለተ ጊዮርጊስ አማት
ማንጠግቦሽ